ነጎድጓድ ድምፅ ስትቀንስ

ሞተር ሳይክል መንዳት የምታስተምረውን ሴት በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነበር፤ እሱም ነገር ሲጠናበት። ሌላው ሰው ሁሉ ነጎድጓድ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ከማሰልጠኛው ሜዳ ግንብ ማዶ የሚሠሩት ጎማ ጠጋኞች ናቸው። ጠዋት ሱቃቸውን ከፍተው ገና የአየር መሙያውን ሳያስነሱ፣ «ፍሪሲዮን ያዝ፣ ጋዝ ቀንስ፣ ዓይንህን ከጎማው ላይ አንሳ» የሚል ድምፅ ግንቡን ዘሎ ይመጣባቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዕድሜ ልኩን ሞተር ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ «እኔ መንዳት የተማርኩት በግንብ በኩል ነው» እያለ ያስቅ ነበር።

ስሙ አላስቀየማትም። ያደገችው ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ወፍጮው ሲዞር በዚያ ቤት ጨው አቀብይኝ ለማለትም መጮህ ያስፈልጋል፤ ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ቤተሰቡ ከልማዱ የተነሳ መጮኹን አያቆምም። ድምጿ ትልቅ መሆኑን ያወቀችው ከቤት ወጥታ ሰው ዞር ዞር እያለ ሲያያት ነው። ያገባችው ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ከሊጥና ከምድጃ ጋር የኖረ፣ ቃልን እንደ እርሾ ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ነው። ጎረቤቶቻቸው «እግዜር ሲያጣምራቸው አንዷን አፍ፣ አንዱን ጆሮ አድርጎ ነው» ይሉ ነበር።

ወደ ማስተማሩ የገባችው ሳታስበው ነው። ለመድኃኒት መደብር በሞተር ዕቃ ስታመላልስ የማሰልጠኛው ባለቤት መንገድ ላይ አያትና፣ ከወንድ አስተማሪ ጋር ለሚከብዳቸው ሴቶች እንድታስተምርለት ጠየቃት። ዓመት ሳይሞላ ወንዶቹም «ከሷ ጋር ካልሆነ» እያሉ መጡ። መጮኹን ትጮሃለች፣ ሰው ግን አታዋርድም። ተማሪ ሲወድቅ ሮጣ ደርሳ መጀመሪያ የምታየው ሞተሩን ሳይሆን ጉልበቱን ነው። ሰውም ይህን አውቆላታል።

ድምጿ መድከም የጀመረው በብርዱ ወራት ነው። «ጉንፋን ነው» አለች። ሞቅ ያለ ውሃ በማር ጠጣች፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች፣ መጮኋን ግን ቀጠለች። አንድ ማታ ባሏ ከሳህኑ ቀና ብሎ፣ «ድምፅሽ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሆኗል፤ ሐኪም ይየው» አላት። እሱ ይህን ያህል ከተናገረ ነገሩ ከባድ መሆኑን መገንዘብ ነበረባት። አልተገነዘበችም።

ታዲያ አንድ ጠዋት አንድ ልብስ ሰፊ ተማሪዋን ታለማምዳለች። ልብስ ሰፊው ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሞተር መንዳት ከልጅነታቸው ጀምሮ አምሯቸው፣ መጀመሪያ አባታቸው፣ ቀጥሎ ባለቤታቸው፣ ከዚያም ልጆቻቸው ሲከለክሏቸው ኖረው፣ በመጨረሻ ከልካዮቹ ሲሰለቻቸው የመጡ ተማሪ ናቸው። ግን ድንጉጥ ናቸው። ነጎድጓድ ስትጮህ እጃቸው ይጨመደዳል፤ እጃቸው ሲጨመደድ ጋዙ ይጠመዘዛል፤ ጋዙ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ይዘላል፤ ሞተሩ ሲዘል እሷ የባሰ ትጮሃለች። በዚህ አዙሪት ብዙ ከርመዋል፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውንም ደጋግመው ወድቀዋል።

ያን ጠዋት ልብስ ሰፊው ኩርባውን ስተው ቀጥ ብለው ወደ አሮጌ ጎማዎቹ ክምር አመሩ። ነጎድጓድ «ፍሬን» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ቫልቩ የተነቀለ ጎማ የሚያሰማው ዓይነት ፍስስታ ብቻ ነበር። ልብስ ሰፊው እየተንከባለሉ ሄደው ክምሩ ውስጥ ገቡ። ክምሩ የተቀመጠው ለዚሁ ስለሆነ አልተጎዱም። ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉና ወደሷ ዞሩ።

«ዛሬ ምነው ዝም አልሽኝ? ተቀየምሽኝ እንዴ?»

በጣቷ ጉሮሮዋን አሳየቻቸው። ደግማ ስትሞክር ሌላ ፍስስታ ወጣ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸው ድምፅ ሲለወጥ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና፣ «ይሄ የጉንፋን አይደለም ልጄ፣ ነይ እንሂድ» ብለው ራሳቸው እጇን ይዘው እስከ ታክሲው አደረሷት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አሳልፋ ጉሮሮዋን አየች፣ ምስሉንም ለሷና ከዳቦ ቤት ዱቄቱን እንኳን ሳያራግፍ ለመጣው ባሏ አሳየቻቸው።

«አካፋ የሚይዝ መዳፍ ይደድር የለ? ይሄም የጉሮሮ እብጠት እንደሱ ነው» አለች። «ክፉ ነገር አይደለም። ያመጣው ጩኸት ነው። ለጥቂት ሳምንታት ፍጹም ዝም ይላሉ። ሹክሹክታም ቢሆን አይቻልም፤ እሱ ጭራሽ ያደክመዋል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው፣ በለሆሳስ ማውራት ይችላሉ። መጮህ ግን ቀርቷል።»

«እስከ መቼ?» አለ ጋጋሪው።

«እስከ መጨረሻው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ነጎድጓድ ግን በዚያ ሰሞን እሷ ራሷ የነቀዘች መሰላት። ቤት ውስጥ በማጨብጨብ፣ በማፏጨት፣ በምልክትና በዓይን ትግባባለች። ማፏጨቱንም ሐኪሟ ስትሰማ ከለከለቻት። ገበያ ሄዳ የምትፈልገውን በጣት ስታሳይ ሻጩ ደንቆሮ መስላው በጆሮዋ ጮኸባት። ጎረቤቶች የለመዱትን ድምፅ ሲያጡ ባልና ሚስቱ የተኳረፉ መሰላቸው። ከበላያቸው ባለው ፎቅ የምትኖረው ሴትዮ አንድ ማታ ልብሷን አሳምራ ልታስታርቅ መጣች። ጋጋሪው በር ላይ ቆሞ፣ ጉሮሮዋን፣ ሐኪሟን፣ ካሜራውን፣ ሁሉንም ነገር አስረዳት። ሴትዮዋ ስትሄድ ለሌላዋ ጎረቤት ያወራችው ስለ ነጎድጓድ ሕመም አልነበረም፤ «ለካ ሰውየው ይናገራል» ነው ያለችው።

ይናገር ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነጎድጓድ ያገኘችው አዲስ ነገር ይህ ነው። ማታ ማታ ሻይ ይዞ ከጎኗ ይቀመጥና ስለ ቀኑ ይነግራታል፤ የምድጃው ግራ ጥግ እንዴት ዳቦውን እንደሚያሳርር፣ ማን ትኩስ ዳቦ ፈልጎ ትናንት የተጋገረ ይዞ እንደሄደ፣ ዱቄት አምጪው ስለ አማቱ ምን እንዳለ። ቀልዱ ደረቅ ነው፤ ፊቱ ሳይፈታ ይናገርና እሷ ጎኗን ይዛ ትስቃለች፣ ያለ ድምፅ። ለካ ሰውየው ቦታ አጥቶ እንጂ ቃል አጥቶ አልነበረም።

ችግሩ ከሥራው በኩል መጣ። የማሰልጠኛው ባለቤት ደግ ሰው ነው። ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ቢሮ ትገቢያለሽ፤ ተማሪ ትመዘግቢያለሽ፤ ሜዳውን ለሌላ እንሰጣለን» አላት። በማግስቱ ሄዳ ቢሮውን አየችው። ጠረጴዛ አለ፣ ማራገቢያ አለ፣ ወንበሩም ትራስ አለው። መስኮቱ ግን የሚያየው ግንቡን ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ብታሰግግም ሜዳው አይታይም። ሞተሮቹ ሲነሡ ግን ይሰማል፤ ማርሽ ያለ ቦታው ሲገባም ይሰማል። ማርሹ በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ትላለች። ያን ማታ እራት አልበላችም።

ጋጋሪው ምንም ሳይላት ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ደወለ። ልጅቷ ነገሩን ሰምታ፣ «አባዬ፣ ሄልሜት ውስጥ የሚገጠም ገመድ አልባ ማነጋገሪያ አለ እኮ» አለችው። «እኔና ባለቤቴ በሞተር ስንሄድ የምናወራው በሱ ነው። እማዬ በእርጋታ ታወራለች፣ ተማሪው ጆሮው ላይ ይሰማታል። ቢሮ የምን ነው?»

ሐኪሟ በለሆሳስ ማውራት በፈቀደች ሰሞን ባልና ሚስቱ የሄልሜት መሸጫ ፈልገው ሄዱ። መንገድ ላይ ጋጋሪው፣ «አንቺ ቃልሽን ቆጥቢ። ንግግሩን ለኔ ተዪው» አላት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ በትዳራቸው የመጀመሪያው ነበር።

የሱቁ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ በሄልሜት ተሞልቷል። ባለሱቁ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ለሁሉም ዕቃ ምስጋና የማያልቅበት ሰው ነው። ጋጋሪው ምን እንደሚፈልጉ ነገረው፤ አስተማሪዋ ሜዳ ላይ ቆማ ወይም በሌላ ሞተር ከኋላ እየተከተለች ለተማሪዋ የምትናገርበት፣ እሱም የሚመልስበት። ባለሱቁ መስታወቱ ላይ ዕቃ ይደረድር ጀመር።

መጀመሪያ ያወጣው ጆሮ ውስጥ የሚገባ ትንንሽ ማዳመጫ ነበር። ጋጋሪው አንዷን አንስቶ በጣቱ አገላበጣት። ዱቄት ሲገዛም እንዲሁ ነው፤ ቆንጥሮ፣ አሽቶ፣ አሽትቶ ነው የሚገዛው።

«ይሄ ጆሮ ውስጥ ተወትፎ የመኪና ክላክስ በየት ይሰማል?» አለ።

ባለሱቁ አሰበበት። «ልክ ነዎት። ሄልሜቱ ሲወልቅም አብሮ ይነቀላል» ብሎ መለሳት።

ቀጥሎ ያመጣው የዕቃዎቹ ሁሉ አለቃ ነበር፤ መብራት አለው፣ ራዲዮ አለው፣ ዘፈን ያጫውታል፣ ስልክ ያነሳል፣ መንገድ ያሳያል። ከጎኑ የተደረደሩት ቁልፎች የሩዝ ፍሬ ያህላሉ። ነጎድጓድ ከቦርሳዋ የመንጃ ጓንቷን አውጥታ አጠለቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በዳበሳ ድምፅ ለመቀነስ ሞከረች። ራዲዮው ተነሣና የአየር ትንበያ ማውራት ጀመረ። ድጋሚ ሞከረች፤ ዘፈን መጣ። ባለሱቁ «ይለመዳል እትዬ» አላት። እሷም ከቆጠበችው ቃል ጥቂት አወጣች።

«የተማሪ እጅ ይንቀጠቀጣል። ምንም መንካት የለበትም።»

ባለሱቁ ያኔ ነገሩ ገባውና መሰላል ላይ ወጥቶ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ሁለት ጥንድ አወረደ። አንደኛው ርካሽ ነው። ሁለተኛው ብዙም ጌጥ የለውም፤ ከሄልሜቱ ግራ የሚጣበቅ፣ በጓንት የሚገኝ አንድ ሰፊ ቁልፍ፣ ከውስጡ በጆሮ በኩል የሚለጠፍ ስስ ድምፅ ማጉያ፣ እንደ ሽቦ እየታጠፈ ወደ አፍ የሚቀርብ ማይክሮፎን አለው። ዝናብ አይፈራም፤ አንዴ ከበራ ሁለቱ ሰዎች ቁልፍ ሳይነኩ ይነጋገሩበታል።

«በወሬ አይሆንም፤ መንገድ ላይ ይሞከር» አለ ጋጋሪው።

ለመሞከር ደግሞ ሁለት ራስ ያስፈልጋል። ጋጋሪው ሞተር ይፈራል። በትዳር ዘመኑ ሁሉ አንድ ቀን እንኳን ከሚስቱ ኋላ ተቀምጦ አያውቅም፤ ከሷ ጋር ሲወጣ እሷ ሞተሯን ትታ በታክሲ ነው። ስለዚህ ሄልሜቱን አጥልቆ ሱቁ በር ላይ ቆመ። አላፊ አግዳሚው፣ ሞተር የሌለውን ባለሄልሜት እያየ ፈገግ ይላል። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው «ከላይ የሚወድቅ ነገር አለ እንዴ?» ብለው ወደ ሰማይ አዩ።

ነጎድጓድ በርካሹ ጥንድ ጀመረች። ከመንገዱ ጫፍ ላይ፣ «ትሰማኛለህ?» አለች።

«ነፋሱን በደንብ እሰማዋለሁ» አላት። «አንቺን ግን አልሰማሁም፤ ምን አልሽ?»

በባለብዙ ቁልፉ ድምጿ ጥርት ብሎ ደረሰው፤ አንድ ኩርባ ላይ ግን እጇ ሳይነካው በትከሻዋ ገፍታው ይሁን በሌላ፣ መሐል ላይ ዘፈን ገባበት። ጋጋሪው እጁን ዘርግቶ ለባለሱቁ፣ «ሚስቴን ልኬ ሙዚቀኛ መጣልኝ» አለው።

ሦስተኛውን ይዛ ስትወጣ ራቅ ብላ ሄደች። አደባባዩን ዞረች፣ ከከባድ መኪናዎች መካከል ገባች፣ ከሕንፃዎቹ ኋላ ተሰወረች። ድምጿ ሳሳ እንጂ አልተቆረጠም። ከዚያ መንገዱ ሲጨናነቅባት ዝም ብላ መንዳቷን ቀጠለች። ጋጋሪው ዝም ስትል ከማይሰማበት ርቀት የደረሰች መሰለው። ባለሱቁ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ «እትዬ ድምፃቸው ትልቅ ነበር አሉ?» ሲለው፣ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ መለሰለት።

«ትልቅ ነበር። ሰው ‹አደነቆረችህ› ይለኛል። እኔ ጠዋት ከሥራ ስመለስ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው የምመጣው። ድምጿን ከመንገዱ ጫፍ ስሰማ ነው ቤቴ መድረሴን የማውቀው። አሁን በዚህ ዝምታ ሰሞን አንድ ቀን በራችንን አልፌው ሄድኩልህ። ከፖስታ ቤቱ ደርሼ ነው የተመለስኩት። ለሷ አልነገርኳትም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ያን ቀን ግን ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። ነጎድጓድ ሞተሯን ወደ ዳር አውጥታ አቆመች። ልቧ ወከክ አለ። ሰማሁህ ብትለው ያፍራል፤ ዝም ብትል ደግሞ ዕቃው አይሠራም ብለው ይመልሱታል። ቀስ ብላ፣

«እሰማሃለሁ እኮ» አለችው።

ሱቁ በር ላይ የቆመው ባለሄልሜት ሄልሜቱን አወለቀ። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረ።

«ይሄኛውን እንወስዳለን።»

መግጠሙም ጥበብ ነበረው። ባለሱቁ ድምፅ ማጉያዎቹን በሄልሜቱ ሽፋን ውስጥ ለጥፎ ሲሰጣት ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነባት። አውልቃ፣ ጣቷን አስገብታ፣ ጆሮዋ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ፈልጋ ጥቂት ወደ ኋላ አንሸራተተችው። ስታጠልቀው ጋጋሪው ከጎኗ ቆሞ የሚያወራት መሰላት። የተማሪውን ሄልሜት ግን ለሁሉም ጆሮ እንዲሆን መካከለኛ ቦታ ላይ አደረገችው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሜዳው ላይ ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። ነጎድጓድ ከጩኸቷ በተጨማሪ የማጉረምረም ልማድ አላት፤ ድሮ ማጉረምረሟ ከጩኸቷ ጋር ሲነጻጸር ዝምታ ስለነበር ማንም አያውቀውም። አሁን ግን ማይክሮፎኑ ከንፈሯ ላይ ነው። አንድ የባንክ ሠራተኛ በቀይ ምልክቶቹ መካከል የተዘረጋውን ቁጥር ስምንት ሲዞር፣ «ይሄ ደግሞ ሞተር ነው ወይስ በቅሎ የሚነዳው» ብላ ለራሷ ስታጉረመርም፣ ከጆሮዋ ውስጥ በትሕትና መልስ መጣ።

«በቅሎ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ መንገዱን ራሷ ታውቃለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳቀች፣ ይቅርታ ጠየቀችው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማጉረምረም ስትፈልግ ቁልፉን ትዘጋለች።

ሌላው የተማረችው ነገር ይከብድ ነበር። ድሮ የምትጮኸው ስሕተቱ ከተሠራ በኋላ ነው። ጩኸት ሰውየውን ያስቆመዋል እንጂ ምን ማድረግ እንደነበረበት አይነግረውም። አሁን ድምጿ ትንሽ ስለሆነ ቀደም ብላ መናገር ነበረባት። «ከፊትህ አሸዋ አለ፤ ከመድረስህ በፊት ጋዙን ልቀቅ።» «ኩርባው ሲያልቅ የቢሮውን በር እይ።» ማታ ጋጋሪውን፣ «ሥራው አዲስ ሆነብኝ፤ ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ መሄድ አለበት» አለችው። እሱም ሻዩን እያማሰለ፣ «እኛም ዳቦውን የምናወጣው ሲያር አይደለም» አላት።

ልብስ ሰፊው ከጎማ ክምሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት አዲሱ ሄልሜት ከተገጠመ በኋላ ነው። ሞተሩ ላይ ወጥተው ትከሻቸውን ጆሯቸው ድረስ ሰቅለው፣ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እየጠበቁ ተቀመጡ። ነጎድጓድ ሜዳው መሐል ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ» አለቻቸው።

ወደ ኋላ ዞሩ፣ ወደ ጎን ዞሩ። «የት?»

«ጆሮዎ ውስጥ።»

ልብስ ሰፊው ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ወረደ። እሷም ይህን አይታ ወዲያው ወደ ትምህርቱ አልገባችም።

«ልብስ ሲሰፉ ፔዳሉን እንዴት ነው የሚረግጡት?»

«ቀስ ብዬ ነዋ። ጨርቁ እንዳይሸበሸብ።»

«ጋዙም እንደዚያው ነው። አሁን ሐር እየሰፉ ነው እንበል።»

ሐሩን ሰፉ። ሜዳውን ዳር ዳሩን ይዘው ዞሩ፣ ከዚያ በቀይ ምልክቶቹ መካከል ገቡ። ሲንቀጠቀጡ «ይተንፍሱ ጋሼ» ትላቸዋለች፤ ትንፋሻቸው ራሱ ጆሮዋ ውስጥ ስለሚሰማ ሲይዙት ታውቃለች። የጎማ ጠጋኞቹ ግንቡ ላይ ተንጠላጥለው፣ ድምፅ የሌለው ትምህርት ሲካሄድ እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀኑ ደርሶ ወደ ከተማው መንገድ ወጡ። ልብስ ሰፊው ከፊት፣ ነጎድጓድ በሌላ ሞተር ከኋላ ናት። ትልቁ አደባባይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ቆሙ። አውቶቡሶች ይዞራሉ፣ ታክሲዎች ይሽሎከሎካሉ። ሳይገቡ ቆዩ። ከኋላ ክላክስ መጣ።

«ይጮሁብኛል» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል።

«የሚጮሁት በእኔ ነው። እኔ ነኝ ከፊታቸው የቆምኩት። ለእኔ ጩኸት ብርቅ አይደለም።»

 ከዚያ ሳቅ ሰማች፤ ትንሽ፣ የአፍንጫ ሳቅ።

«አውቶቡሱ ይለፍ» አለች። «ነጩም ይለፍ። ከነጩ በኋላ ቦታ አለ። ሐር ነው ጋሼ። አሁን።»

ገቡ። አደባባዩን በትክክል ያዙት፣ ፍሬቻቸውንም አበሩ። መውጫው መጣ፤ ልብስ ሰፊው ግን አልወጡም።

«ጋሼ፣ መውጫችን አለፈን።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አንዴ ልድገመው።»

ከኋላቸው ተከትላ ዞረች። በሁለተኛውም ዙር መውጫውን ሲያልፉ ተከተለቻቸው። ሄልሜቱ ውስጥ የሚሰማት የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ረጋ ያለ።

የፈተናው ቀን ፈታኙ ሄልሜቱን አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ይውጣ። እዚህ ሰው የሚነዳው ብቻውን ነው» አለ። ሕጉ ነው፤ ነጎድጓድም ይህን ታውቃለች። ግን ማነጋገሪያውን ስታወጣላቸው የልብስ ሰፊው ፊት እንደ ጨርቅ ነጣ። ምንም ልትላቸው ጊዜ አልነበራትም። የፈተናውን ሜዳ የከለለውን ገመድ አልፋ ከሌሎቹ ጋር ቆመች። ድሮ ቢሆን ከዚያ ሆና እየጮኸች ታስጨርሳቸው ነበር፤ ፈታኙም ያባርራት ነበር። አሁን ልጩህ ብትልም ድምፁ የለም። እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ማየት ብቻ ቀራት።

ልብስ ሰፊው ተነሡ። ቁጥር ስምንቱ ላይ ሲገቡ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች። ዳገቱ ላይ ቆመው ሲነሡም ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ምልክት ጫፉን ነኩት፣ ተነቃነቀ፣ አልወደቀም። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ሲያበቃ አንዴ ቀና ብሎ አያቸውና እጃቸውን ጨበጠ።

ወደሷ ሲመጡ አልሮጡም፤ ሸሚዛቸውን ወደ ሱሪያቸው እየከተቱ በዝግታ መጡ።

«ምን ነበር የሚያወሩት?» አለቻቸው።

«ያንቺን ነገር ነዋ። ‹ይተንፍሱ ጋሼ፣ ሐር ነው ጋሼ› እል ነበር።»

«ራስዎን እርስዎ እያሉ?»

«አንቺ እንደዚያ ብለሽ ነዋ ያስተማርሽኝ። ራሴን አንተ ብለው እምቢ የሚለኝ መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ የማሰልጠኛው ባለቤት ስለ ቢሮው ነገር አላነሣም። ትራስ ያለው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀጠረ። የነጎድጓድ ድምፅ ተመለሰ፤ ግን ወፍራምና ዝቅ ያለ ሆነ። ሐኪሟ ካሜራዋን እንደገና አስገብታ ብታይ እብጠቱ ሟሽሿል፤ «እንዳይለምድብዎት» አለቻት። ጎማ ጠጋኞቹ፣ ጠዋት ሰዓት የምትሆናቸው እሷ ነበረችና ሥራ እናረፍዳለን ብለው ስሞታ አቀረቡ። ስሙን ግን አልቀየሩትም።

ልብስ ሰፊው በወሩ ራሳቸው ነድተው መጡ፤ ከኋላቸው በገመድ የታሰረ ጥቅል አለ። አንድ ሄልሜት ብዙ ራስ ይገባበታል ብለው፣ ተማሪዎቹ ከውስጥ የሚያደርጉትን ስስ የጥጥ ቆብ ሰፍተውላታል። ጆሮው ላይ ድምፅ እንዲያልፍ ክብ ቀዳዳ ትተውለታል። ቀዳዳው በሚገባ ተዘምዝሟል።

ጋጋሪው ደግሞ አንድ የዕረፍት ቀን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የተማሪውን ሄልሜት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። «ልጃችን ዘንድ እንሂድ» አላት። «ታክሲ ልጥራ?» አለችው። «ከኋላሽ ነው የምቀመጠው። ቀስ ካልሽ።» ወገቧን እንደ ዱቄት ጆንያ ጭምቅ አድርጎ ይዞ ተነሡ። የከተማው መውጫ እስኪደርሱ አልተነፈሰም። ገጠሩ ሲገለጥ ግን አያያዙ ላላ አለ፣ ወሬም ጀመረ። ስለ መንገዱ ዳር ዛፎች፣ ስለ አንድ ነጭ ላም፣ እዚያ ጋ ዳቦ ቤት ቢከፈት እንዴት እንደሚያዋጣ አወራላት። ነጎድጓድ አልፎ አልፎ «እህ» እያለች፣ ኩርባ ሲመጣ ቀደም ብላ «አሁን ወደ ግራ እንታጠፋለን» እያለች ነዳች። ልጃቸው በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው፣ አባቷ ከሞተር ላይ ሲወርድ አይታ አፏን ይዛ ቀረች። እሱ ሄልሜቱን እንኳን ሳያወልቅ፣ «ምሳ ደርሷል?» አላት።